ውባንቺና የክፍሌ ጠመንጃ

ውባንቺ ሰው ቶሎ አታምንም። ወልቂጤ አጠገብ ተወልዳ መርካቶ ያደገች፣ በሱዳን በኩል ወጥታ ካርቱም ላይ ክፍሌን ያገባች ሴት ናት። በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሟን ያስያዘው አብሮት ካርታ ይጫወት የነበረ ጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅላት ዓይኑን፣ ዝም ሲል ደግሞ እጁን ታያለች። ሲያትል ገብታ ሲታክ ከሚባለው ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ስትጀምርም ይህ ጠባይዋ አብሯት መጣ። አንድ በር ላይ "አትረብሹ" የሚለው ካርድ ተሰቅሎ ሲሰነብት "እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ" ብላ አለቃዋን አስጨነቀቻት። ሲከፈት እውነትም አንድ ሽማግሌ ታመው መሬት ላይ ወድቀው ተገኙ። ሰውየው ዳኑ፣ ውባንቺም ጥርጣሬዋን እንደ ሙያ ቆጠረችው።

ባሏ ክፍሌ ዝምተኛ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ የተጓዦችን ቁልፍ እየተቀበለ መኪና ፓርክ ያደርጋል። አዲስ አበባ ታስሮ እንደነበር ታውቃለች። ስለ እስሩ ግን አንድ ቀን አውርቷት አያውቅም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

በፈረንጆቹ 1986፣ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ክፍሌ ረጅም ካርቶን ይዞ ገባ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጠመንጃ። ትንሽ ናት፤ ትዌንቲ ቱ ይሏታል። ጥንቸል መምቻ ነገር።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥንቸል የምትበላው?"

"ለስፖርት ነው" አለ፣ ካርቶኑን እያየ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ውባንቺ በዝምታ ታልፈው ነበር። ክፍሌ ግን በጠመንጃዋ ላይ መጨመር ያዘ። መጀመሪያ የቆዳ ማንገቻ ገዛላት። ቀጥሎ ሌላ የእንጨት ሰደፍ አምጥቶ፣ ጉንጩ ደህና እንዲያርፍበት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በአሸዋ ወረቀት ሲፈቀፍቅ ሰነበተ። ከዚያ ምላጯ ትከብዳለች ብሎ ወደ ጠመንጃ ሠሪ ወሰዳት፤ ስትመለስ በጣት ጫፍ የምትሳብ ሆነች። በመጨረሻ ከላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር መጣ።

መነጽሩ ከመገጠሙ በፊት ክፍሌ ሥራ በሄደበት ውባንቺ አንስታ በመስኮት ተመለከተችበት። ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ ሰው ድንገት አጠገቧ መጣ። የሸሚዙን ኮሌታ፣ ጢሙን ሲላጭ የቆረጠውን አንገቱን አየች። የመነጽሩ ጥቁር መስቀል አንገቱ ላይ አርፏል። ውባንቺ መነጽሩን እንደ ትኩስ ድስት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ጥንቸል ይሄን ሁሉ ምን ያደርግላታል?" አለች ለብቻዋ።

ልቧን ያሸበራት ሌላም ነገር ነበር። ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ኢትዮጵያውያኑ የአንድ የአሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይተው በሚያመልኩበት ጉባኤ፣ ተክለሃይማኖት የሚባል ድምፁ ጎርናና የሆነ ሰው በቅርቡ መጥቷል። የመጀመሪያው እሑድ ቆሞ ጸሎት ሲጀምር ክፍሌ ብድግ ብሎ ወጣ። እስኪያልቅ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ ራሴን አመመኝ አለ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ጠመንጃዋን ጭኖ ወደ አንድ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ይሄድ ጀመር።

ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሚሠሩት እትዬ እናኑም የዚያው ጉባኤ አባል ናቸው። አንድ ቀን አንሶላ አብረው ሲያጥፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ውባንቺ፣ ያ አዲሱ ሰውዬ አዲስ አበባ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር ይባላል።"

"ማን ነው ያለው እትዬ እናኑ?"

"ይባላል ነው የምልሽ። ባለቤትሽ ደግሞ መሣሪያ ገዛ አሉ።"

"ለስፖርት ነው።"

"እኔ ታዲያ ምን አልኩ?" አሉና የአንሶላውን ጫፍ አቀበሏት።

ውባንቺ ያን ቀን ሁለቱን ነገር አገጣጠመቻቸው። ክፍሌ አሳሪውን አግኝቷል፤ ሊገድለው እየተዘጋጀ ነው። ፖሊስ ጋ ኮል ለማድረግ ስልኩን አነሳች፤ ወንድሟን ያስያዘው የዚያ ጎረቤት ፊት መጣባትና መልሳ ዘጋችው። በገዛ ባሏ ላይ እሱን ልትሆን ነው? ክፍሌን ፊት ለፊት ብትጠይቀው ደግሞ ጠመንጃውን ከቤት አውጥቶ የማታውቀው ቦታ ይደብቀዋል ብላ ፈራች።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረች። ካቻቪቴ አንስታ መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ አላላቻቸው። ዓይን እስኪያየው ድረስ አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ ብቻ። "ቢተኩስም አይመታውም" አለች፣ ለራሷ ይሁን ለእግዚአብሔር ሳታውቀው።

በሚቀጥለው እሑድ ክፍሌ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። "አልመታም አለኝ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ላይ" አለ። ብሎኖቹን አጠበቀ። እሷም አላላች። የጥይቱን ዓይነት ቀየረ፣ መነጽሩን የሚይዝ የተሻለ መቆንጠጫ ገዛ፣ ኋላም መነጽሩን ራሱን በሌላ ለወጠው። እሱ ባሻሻለ ቁጥር እሷ ታላላለች። በዚህ መሐል አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጥ የነበረው እጁ ባሰበት። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይይዛል፣ እንቅልፍም አጣ። ውባንቺ ይህንንም ለጥርጣሬዋ ማስረጃ አደረገችው፤ ሰው ሊገድል ያሰበ እንዴት ይተኛል?

አንድ ቀን ክፍሌ ጠመንጃዋን ወደ መብራት አስጠግቶ የአንዱን ብሎን አናት ትኩር ብሎ አየ። ተጭሮ ያብለጨልጫል።

"ሰው ቤት መጥቶ ነበር?"

"ማን ይመጣል?"

አላመናትም። በማግስቱ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይዞ መጣና ጠመንጃዋን ውስጡ ቆለፈ።

ያ ሳምንት ለውባንቺ ከሁሉም የከፋ ሆነ። እሑድ ክፍሌ በጠዋት ወጣ። እሷ ጸሎት ቤት ስትደርስ ተክለሃይማኖት በቦታው የለም። እትዬ እናኑን ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው።

"መኪናዎትን ያስነሱልኝ። እባክዎ፣ ምንም አይጠይቁኝ።"

ከሬድመንድ ወዲያ ጫካ ውስጥ ያለውን ሜዳ ክፍሌ ራሱ ከዚህ ቀደም "መጥተሽ እዪ" ብሎ ነግሯት ያውቃል። ሲደርሱ በረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተኝተው ይተኩሳሉ። ክፍሌ ዳር ላይ ነው፤ አጠገቡ የሥራ ባልደረባው ሬይ የሚባል ሸበቶ አሜሪካዊ ተቀምጧል። የክፍሌ ጠመንጃ ጠሽ አለች። ወዲያው ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ትልቅ ጠመንጃ ሲተኩስ አካባቢው ተናወጠ። ክፍሌ መላ አካሉ ተኮማተረ፣ ግንባሩን ሰደፉ ላይ ደፋ። ሬይ ጀርባው ላይ እጁን አሳርፎ ጠበቀው። ክፍሌ ቆይቶ ቀና አለ፣ አነጣጠረ፣ ተኮሰ።

ሬይ ውባንቺን አይቶ ተነሥቶ መጣ። ቀስ ባለ እንግሊዝኛ "ደህና እየሆነ ነው። መጀመሪያ የመጣን ቀን እኮ ከመኪናው መውረድ አልቻለም ነበር" አላት።

ውባንቺ ያን ጊዜ ትዝ አላት። በአሜሪካውያኑ የነጻነት በዓል ቀን ሰፈሩ ሁሉ ርችት ሲተኩስ ክፍሌ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ውኃውን ከፍቶ፣ ሳይወጣ ነበር ያመሸው። ሆዴን አመመኝ ብሏት አምናው ነበር፤ ያልጠረጠረችው ያን ብቻ ነው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ክፍሌ መሬት መሬቱን እያየ ነገራት።

"እስር ቤት እያለን ሰው እየጠሩ ያወጡ ነበር። ከዚያ ተኩስ እንሰማለን። መቼ እንደሚተኮስ አታውቂም። ሬይ በትንሿ ጀምር፣ ድምጿ እንደ ጅራፍ ነው አለኝ። እኔ ስስበው መቼ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ሶ፣ ዒላማውን አሳምሬ ከመታሁ እጄ ድኗል ማለት ነው ብዬ ነበር። አልሆነም።"

"ተክለሃይማኖትስ?"

"ድምፁ የአንዱን ጠባቂ ድምፅ ይመስላል። እሱ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ያ ጠባቂ እዚያው እያለን ሞቷል። ጆሮዬ ነው እምቢ ያለኝ።"

ውባንቺ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ብሎኑን የማላላው እኔ ነኝ" አለች።

"ስንት ጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ክፍሌ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። "እጄ አይደለማ" አለ። እንደገናም "እጄ አይደለም" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ንዴቱ የመጣው ቆይቶ፣ ወደ ቤት ሲነዱ ነው።

"ሰው ሊገድል ነው ብለሽ እያሰብሽ አብረሽኝ እራት ትበዪ ነበር?"

"ፖሊስ አልጠራሁም" አለች።

ተክለሃይማኖት ያን እሑድ የቀረው የቀረ ሠራተኛ ተክተህ ሥራ ግባ ተብሎ ነበር። ውባንቺ በሚቀጥለው ሳምንት ፊት ለፊት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረ ሰው ኖሯል፤ ቀበሌ የሚባል ደጅ የረገጠው መታወቂያ ሊያወጣ ነው። በጎርናና ድምፁ ሳቀ።

"እኔም እኮ ባለቤትሽን የደርግ ሰው ነው ብዬ ፈርቼው ነበር፣ እህቴ። ገና ጸሎት ስጀምር ብድግ ብሎ ወጥቶ ቀረ!"

እትዬ እናኑ ይህን ሰምተው "እኔ ይባላል ነው ያልኩት" ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ከክፍሌ ጋር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። ክረምቱን ሙሉ ከ"ኦኬ" እና ከ"እሺ" ያለፈ ቃል አልሰጣትም። መነጽሩን ፈትቶ ለሬይ ሰጠውና በጠመንጃዋ በራሷ የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ መተኮስ ጀመረ። በጸደይ በተኩስ ሜዳው ክለብ ውድድር ገብቶ በውጤት መሐል ላይ ወጣ። ጸሎት ቤትም ተመለሰ፤ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ተክለሃይማኖት ሲጸልይ ወንበሩን ጨብጦ እስከ መጨረሻው ይሰማል።

ውባንቺ መጠርጠር አልተወችም። አሁን ግን የጠረጠረችውን ትጠይቀዋለች፣ "ክፍሌ፣ ምን ሆነሃል?" ትለዋለች። እሱም ስለ ጥይት ዓይነትና ስለ ነፋስ እስኪሰለቻት ያወራላታል። አንዳንዴ ታዲያ ከነፋሱ ጀምሮ ሳያስበው እስር ቤቱ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ውባንቺ የያዘችውን ሥራ ትታ አጠገቡ ትቀመጣለች።