በመስኮት ሥር የተማረ ሯጭ

አጎቴን ኮሌጅ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ሽው» ነበር የሚሉት። ሲሮጥ ኮቴው ስለማይሰማ ነው አሉ። ዛሬ ከወንበር ሲነሳ ጉልበቱ የሚያሰማውን ድምፅ ለምናውቅ ለእኛ ግን ነገሩን ማመን ይከብዳል።

በዚያ ዘመን የኮሌጁ መሮጫ የሚዞረው ከትልቁ የትምህርት አዳራሽ ሥር ነበር። አሠልጣኙና የሕግ መምህሩ ደግሞ አይጥና ድመት ነበሩ። አሠልጣኙ ልምምዱን ሆን ብሎ በሕግ ትምህርት ሰዓት ያደርገዋል፤ መምህሩም በተራቸው ለቀረ ተማሪ ያስተማሩትን አይደግሙም። እግሩን ያስቀደመ በእግሩ ይፈተን ባይ ነበሩ። ማይክሮፎን የሚባል ነገር ስላልነበረ ጮኸው ነው የሚያስተምሩት፤ ድምፃቸው በመስኮት ወጥቶ ሜዳው ድረስ ይወርዳል። አጎቴ ሯጭም የሕግ ተማሪም ነበርና ትምህርቱን እየሮጠ ቃረመው፤ በመስኮቱ ሥር ባለፈ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር። መሃሉ የት እንደገባ አምላክ ይወቀው። ውል እንዴት እንደሚጀመር ጠንቅቆ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚፈርስ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አባቱ ድንገት ባይሞቱ። ሳይናዘዙ ነው የሞቱት። ለቅሶው ሳይበርድ የአባቱ ወንድም መጥተው፣ ቤቱ የወንድሜ ነበርና አሁን የእኔ ነው አሉ። እናቱ፣ ማለትም የእኔ አያት፣ ከባሏ ጋር ድንጋይ ተሸክማ ከሠራችው ቤት ዕቃሽን አውጪ ተባለች። ልጄ ሕግ ይማር የለም ወይ፣ ምን እንደሚሻለኝ ይንገረኝ ብላ ላከችበት። አጎቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ጓደኞቹን ቢጠይቅ የውርስ ትምህርት ገና አልተጀመረም። መምህሩን እንዳይጠይቅ፣ በምን ፊቱ።

የኮሌጆች ውድድር ቀን ደረሰ። ያሸነፈ ለአገር ቡድን ይመረጣል ተብሏል፤ አጎቴ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበረውም። መምህሩ ለሩጫ ብለው ትምህርት የሚሰርዙ ሰው ስላልሆኑ አዳራሹ ውስጥ እንደ ወትሮው ያስተምራሉ። በመጨረሻው ዙር አጎቴ ሌሎቹን ጥሎ እየመራ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ድምፃቸውን ሰማ።

«ባል ሳይናዘዝ ከሞተ፣ ሚስት አብረው ከሠሩት ቤት...»

እግሩ ይዞት ሄደና ቀሪው አመለጠው። ጥቂት ሮጦ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ አሠልጣኙ ፀጉሩን ነጨ። መምህሩ ጫጫታው ምንድን ነው ብለው ብቅ ሲሉ ላብ በላብ የሆነ ተማሪያቸውን አዩ።

«ምን ሆነሃል? ሩጥ እንጂ።»

«መምህር፣ ሚስትየዋ ምን ታገኛለች? ይጨርሱልኝ።»

መምህሩ ፊቱን አይተው ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው። ለቀረ ተማሪ አልደግምም ሲሉ የኖሩት ሰው መስኮቱን ተደግፈው ከመጀመሪያው ጀመሩለት፤ እኩሌታው የራሷ እንደሆነ፣ የቀረው የልጆቿ እንደሆነ፣ ልጅ እያለ ወንድም እንደማይወርስ። እሳቸው ሲያስረዱት ሯጮቹ ተራ በተራ ከኋላው አለፉ።

በማግስቱ አገር ቤት ገብቶ ይህንኑ በሽማግሌዎች ፊት አንዲት ቃል ሳያጎድል ተናገረ። የአባቱ ወንድም እያጉረመረሙ ተነሥተው ሄዱ፤ ቤቱ ለአያቴ ጸና። ለአገር ቡድን የተመረጠው ግን ሁልጊዜ ከአጎቴ ኋላ ይገባ የነበረው፣ ቀጮ የሚሉት ልጅ ነው። አጎቴን ዳግመኛ ለቡድኑ የጠየቀው የለም። ቆጭቶታል፤ ዛሬም ይቆጨዋል፣ አልዋሽም።

አያቴ ሩጫው በእሷ ምክንያት እንደቀረበት ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ፣ ታዲያ ማን አንደኛ ወጣ ብላ ጠየቀችው። ቀጮ መሆኑን፣ እሱም በዚያው መስኮት ሥር ሳይቆም እንዳለፈ ነገራት።

«ምስኪን» አለች፤ «እናት የለውም እንዴ?»