ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት

ወደ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን ሳይሆን መብራቱን ነው። ኮርኒሱ ላይ፣ ከወየበ ፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ፣ አንድ ረጅም ፍሎረሰንት ብልጭ ድርግም ይላል። ሥራዬ መብራት ስለሆነ ችግሩን በሩ ላይ እንደቆምኩ አወቅኩት። ስታርተሩ፣ አምፖሉን የሚያስነሣው ትንሽ ዕቃ፣ አርጅቷል። ለመቀየር ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በዚያ ክፍል በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ የማይፈጅ መሆኑ።

የኮሮና ጊዜ ነበር፣ ጆሃንስበርግ ብርድ ላይ ነበረች። አገር ቤት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምሬ፣ እዚህ የመድረክ መብራት በሚያከራይ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ጥገና እሠራ ነበር። ቲያትር ቤቶች ሲዘጉ የእኛ ሥራ አልቆመም። የመድረክ መብራት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይበላሻል። ማራገቢያው አቧራ ይጠጣል፣ ሌንሱ ጭጋግ ይለብሳል፣ አንገቱን የሚያዞረው ሞተር ይደርቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን በየተራው ከፍተን እንጠርጋለን፣ ብሎኑን እናጠብቃለን፣ አብርተን ወዲያና ወዲህ አዙረን እናያለን፣ ከዚያ አጥፍተን ወደ ሳጥኑ እንመልሳለን። ለማንም የማይበራ መብራት በየወሩ መጥረግ ሰውን እንዴት እንደሚያበግነው የሠራ ያውቀዋል።

አንድ ቀን የከተማው የመድረክ ሠራተኞች እነዚህን መብራቶች አውጥተን ከአንድ የተዘጋ ቲያትር ቤት ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ደረደርናቸው። ሥራችን እንዲከፈትልን መጠየቃችን ነበር። መፈክር አላሰማንም። ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ቆመን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ አበራናቸው። በጠራራ ፀሐይ መብራቱ አልታየም፤ እኛ ግን ታየን። ፖሊስ መጣና ስብሰባ ክልክል ነው ብሎ ጫነን።

ሌሎቹ በዚያው ቀን ተለቀቁ። የእኔ የጥገኝነት ወረቀት ግን፣ የሚያድሰው ቢሮ በወረርሽኙ ስለተዘጋ፣ ቀኑ አልፎበት ነበር። "ቢሮው እስኪከፈት ይሠራል ተብሏል" አልኳቸው። ድሮም ድምፄ ቀጭን ነው፣ በማስክ ውስጥ ሲያልፍ ጭራሽ አይሰማም። "ምን አልሽ?" አሉኝ። ደገምኩት። "ምን?" አሉኝ። ተውኩት።

ያ መብራት ያለበት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የአገሬው ልጅ ናት፤ ያኔ ሲጋራ መሸጥ ተከልክሎ ስለነበር በፍሬ በፍሬ ስትሸጥ ተይዛ ነው። ሌላዋ ሻሿን ዐይኗ ድረስ ስባ ግድግዳውን ተደግፋለች።

"የአገሬ ልጅ ነሽ?" አለችኝ፣ ሻሿን ሳታነሳ።

"አዎ። እርስዎስ?"

"ኧረ እርስዎ አትበዪኝ፣ አስረጀሽኝ! ሆሳዕና ነው ያደግኩት። ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ሱቅ አለኝ። ዕቃ ላወጣ ከተማ ገብቼ የመንቀሳቀሻ ፈቃድሽ የታል አሉኝ። አንቺስ በምን ያዙሽ?"

"መብራት አብርተን።"

"የምን መብራት?"

"የመድረክ። በቀን።"

ሻሿን ከፍ አድርጋ አንድ ጊዜ አየችኝና መልሳ ሸፈነች። "በቀን መብራት ያበራችሁትን ይዘው፣ ይኼን የሚያሳብድ ነገር እዚህ ሰቀሉት።"

"ምን እያላችሁ ነው?" አለች የሲጋራዋ ልጅ በእንግሊዝኛ። "እያማችሁኝ ነው አይደል?"

"ሲጋራ ደብቀሽ እንደሆነ እየጠየቀችኝ ነው" አልኳት።

"ቢኖረኝ ለእናንተ በእጥፍ ነበር የምሸጠው፣ ሲሲ" አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው።

ባለሱቋ ዐይኗን የምትሸፍነው ለምን እንደሆነ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ ሻሿ ወረደ። ቆማ መብራቱን አየችው። ቀጥሎ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ኩባያው ወደቀ፣ እሷም ወደቀች። እኔና የሲጋራዋ ልጅ በጎኗ አስተኝተን ራሷ ሲሚንቶው ላይ እንዳይመታ ያዝናት። ስትነቃ አፍራ ነበር።

"የሚጥለኝ ነገር አለ" አለች። "ኪኒኔ ሱቅ ቀረ። እንዲህ የሚርገበገብ ነገር ሳይ ይነሣብኛል። ዐይኔን ብጨፍንም በቆዳው አልፎ ይገባል።"

እኛ የመድረክ መብራት ሠራተኞች ይህን ነገር እናውቀዋለን። ትርኢቱ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ካለው ቲያትር ቤቱ መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። እንደ እሷ ያለ ሰው አንብቦ እንዲመለስ ነው። ስንት ጊዜ በእጄ ለጥፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ወደ በሩ መሄድና መጠየቅ ሆነ። ተረኛዋ ፖሊስ ወፍራም፣ ዝግ ያለች፣ ሁሉም "ማማ" የሚሏት ሴት ነበረች።

"ማማ፣ መብራቱ ይሠራልን፤ ያረጀው ስታርተሩ ብቻ ነው፣ ጣት የምታክል ነጭ ነገር ናት። ሴትዮዋን እየጣላት ነው።"

"ኤሌክትሪሻኑ ኮሮና ይዞት ቤቱ ነው።"

"እንግዲያው ይጥፋ።"

"አይጠፋም። ከካሜራው ጋር አንድ መስመር ነው።"

"ሐኪምስ?"

"አምቡላንስ ደውያለሁ። ይመጣል ብለዋል።"

አልመጣም። የሌሊቱ ተረኛ ጥያቄ መቅረብ አለበት አለኝ። የጠዋቱ ነገ አለኝ። ነገ የሚለውን ቃል ያን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ሳንድዊች ይበላ ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን ሰዎቹን የጠራው ማን ነው? አውቀዋለሁ። የመጋዘኑን በር የከፈተልን ሰው ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት።

"አላውቅም" አልኩት። ከዚያ ስለ መብራቱ ነገርኩት።

ማኘኩን አቆመ። "እንዲህ እናድርግ። አንቺ ስም ትሰጪኛለሽ፣ እኔ መብራቱን አሠራለሁ። ሴትዮዋ ካሳዘነችሽ መልካም ነው።"

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ባለሱቋ ከሻሿ ሥር "ምን አለሽ?" ስትለኝ "ነገ አለኝ" አልኳት። እውነቱን ብነግራት ተናገሪ ትለኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ አትናገሪ ብትለኝም ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሎድ ሼዲንግ ሆነ። ከተማው ሁሉ በየተራ መብራት ሲጠፋበት የሚራገምበትን ሰዓት እኛ በደስታ ተቀበልነው። ጄኔሬተሩ የሚያበራው የፊቱን ቢሮ ብቻ ነው። በላይኛው መስኮት ግራጫ የቀን ብርሃን ገባ። ባለሱቋ ሻሿን አውርዳ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። "እንዲህ ነው እንዴ መልካችሁ?" አለች።

ማማ ወንበር ይዛ መጣች። ጣት የሚያክል ነጭ ነገርም በእጇ ይዛለች። "ከመጸዳጃ ቤቱ የተበላሸ መብራት ላይ የነቀልኩት ነው። ትናንት ያልሽኝ ይሄ ነው?"

ስታርተር ነው፣ ደህና ይመስላል። "እሱ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ቶሎ በይ፣ ልጄ። አሁን መብራት የለም፤ ሳይመጣ ሥሪው።"

ወንበሩ ላይ አልወጣሁም። በእኛ ሥራ እጅሽን መብራት ውስጥ ስታስገቢ፣ መስመሩ የሚጠፋበት ሳጥን ተቆልፎ ቁልፉ ያንቺው ኪስ ውስጥ ይሆናል። አለቃ አይይዝልሽም፣ ጓደኛ አይይዝልሽም። ጠፍቷልና ተቆልፏል አንድ አይደሉም። ጠፍቷል ብሎ እጁን ያስገባ፣ ሌላው ሳያውቅ ያበራበት ባልደረባ ነበረን፤ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። ሎድ ሼዲንግ ደግሞ ሲመለስ ማንንም አያስፈቅድም።

"ብሬከሩ ይጥፋ፣ ሳጥኑ ይቆለፍ፣ ቁልፉን እኔ ልያዘው" አልኳት።

የሲጋራዋ ልጅ ሣቀች። "እስረኛ ቁልፍ ስትጠይቅ ሰማሽ፣ ማማ? ሲሲ፣ የበሩንም ጨምሪበት!" ወዲያው ደግሞ ሣቋን ትታ ተቆጣችኝ። "አሁን ጠፍቶ የለም? ምን ትጠብቂያለሽ?"

ማማም ተቆጣች። "ካሜራውን መቆለፍ አልችልም። መርማሪውን ልጠይቅ።" ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። "ስሙን ትንገረኝና ይቆለፋል አለ።"

አሁን ሁለቱም ሰሙ። ባለሱቋ አየችኝ። እንግሊዝኛው ገብቷታል።

"የማን ስም ነው?" አለችኝ በአማርኛ።

"የአንድ ሰው። ልጆች አሉት።"

"እዚህ ያመጡታል?"

"ያመጡታል።"

"ተይው እንግዲህ" አለችና ሻሿን ማጠፍ ጀመረች፣ መብራት ሲመለስ ዐይኗን ልትሸፍንበት።

አጥፋ ሳትጨርስ መብራቱ መጣ። ብልጭ፣ ድርግም። ሻሿን ፊቷ ላይ ጫነችው፤ ግን ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። የሲጋራዋ ልጅ ሮጣ ከኋላ አቀፈቻት። እኔ ማማን አየኋት።

ማማ የባለሱቋን እጅ አየችው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ መብራቱ ጠፋ። የሳጥኑ በር ተዘጋ። ተመልሳ በሩን ከፈተችልኝና አንዲት ትንሽ ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

"ያዥው" አለች። "ፍጠኚ ግን።"

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ሽፋኑን አወረድኩ፤ የሞቱ ትንኞች ሞልተውታል። አሮጌውን ስታርተር ጠምዝዤ አወጣሁ፣ ማማ ያመጣችውን አስገባሁ። እዚያ ላይ መውረድ እችል ነበር። ግን መጋዘን ውስጥ እንዲህ አንሠራም። አምፖሉን አወጣሁና የእግሮቹን ዝገት በሹራቤ ጫፍ አሸሁ። የላላውን መያዣ አጠበቅኩ። ሽፋኑን ለሲጋራዋ ልጅ አቀበልኳትና በውኃ አጠበችው።

"ላብራ?" አለች ማማ ከኮሪደሩ።

"ገና ነኝ፣ ማማ።"

መርማሪው መጣ። "ካሜራዬን ማነው ያጠፋው? ቁልፉ የታለ?"

"እኔ ጋ ነው" አልኩት ከወንበሩ ላይ።

"አምጪው።"

"እጄ ውስጡ ነው። ስጨርስ።"

ቆሞ አየኝ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው ሽፋኑን አደረቅኩ፣ መልሼ ገጠምኩት፣ በሁለት እጄ ነቅንቄ አየሁት። ከወንበሩ ወረድኩ። እጁን ዘርግቶ ነበር። አልፌው ሄጄ ቁልፉን ለማማ ሰጠኋት፤ ሳጥኑን የቆለፈችው እሷ ነበረች።

"አሁን ያብሩት" አልኳት።

መብራቱ አንዴ ብቻ ብልጭ አለና ጸንቶ በራ። ባለሱቋ ሻሿን በትንሹ ገለጥ አደረገች፤ ከዚያ በደንብ። እጇ ቆሟል። የሲጋራዋ ልጅ ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አይታ "አሁን ቆሻሻው ሁሉ ታየ፣ ሲሲ" አለች።

መርማሪው ስሙን ሌላ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ጠበቃ መጣልኝና ክሱ ሳይመሠረት ወጣሁ። መብራቶቻችን ግን ለብዙ ወራት አልተመለሱም። ሲመለሱ ግማሾቹ ውኃ ገብቷቸው ነበር፤ አሁንም አንዳንዶቹ መጋዘን ውስጥ ተከፍተው ለመለዋወጫ ይጠብቃሉ።

ስለዚያ ጣቢያ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ዱላና ስለ ስድብ መስማት ይፈልጋሉ። መብራት እንደሠራሁ ስነግራቸው ያዝናሉ፤ ያሠሩሽ ነበር እንዴ ይሉኛል። አይደለም እላለሁ፣ ግን በደንብ አላስረዳቸውም። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ነገር ጠይቀውኛል፤ መልሴን እያወቁት፣ ወይ ሳይሰሙት፣ ወይ ሊለውጡት። ማማ ግን እጇን የተቆለፈው ሳጥን ላይ አድርጋ "ላብራ?" አለችኝ፣ ገና ነኝ አልኳት፣ ቆማም ጠበቀችኝ።