በኮሌታው ገበር የተጠለፈው ስም

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሱሪ የረዘመበት፣ ጃኬት የጠበበው፣ ዚፕ የተነቀለበት ሁሉ ያምሮት ዘሩን ያውቃታል። ከገበያው ወረድ ብሎ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ የማያያት፣ ሲያልፍም የማይሰማት የለም። እጇ ሲሠራ አፏ አያርፍም። እሳት የላሰች ልጅ ናት። አንዱ "ሱሪዬን አሳጠርሽብኝ" ብሎ ቢመጣባት፣ "ሱሪውስ በልኩ ነው፤ አንተ ነህ ካለፈው ሳምንት ወዲህ የረዘምኸው" ትለዋለች። ሰውየው ሊቆጣ መጥቶ እየሳቀ ይሄዳል።

ከመልካሙ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ በረንዳ ነው። መልካሙ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የቡሬ ገጠር ልጅ፣ እናቱ ወይዘሮ አቻምየለሽ በርበሬና በቆሎ እያመረቱ ብቻቸውን ያሳደጉት አንድዬ። አንድ ቀን የተቀደደ የባጃጅ ወንበር ልብስ አምጥቶ አሰፋ። በሳምንቱ በሌላ በኩል ተቀዶ መጣ። በሦስተኛው ያምሮት ጨርቁን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና፣ "ይሄ ተሳፋሪ የቀደደው አይደለም፤ በምላጭ የተቆረጠ ነው" አለችው። ልጁ ፊቱ በርበሬ መሰለ። "ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ከፍቅር ይቀደዳል ሲባል ግን አልሰማሁም። ወንበር ከምትፈጅ የምትለው ካለህ ተናገር!" ተናገረ። እሷም ሳትግደረደር፣ "እኔም ወድጄሃለሁ" አለችው።

በዚያው ሰሞን የክርስትና ስሟን ሳይጠይቃት ነገረችው። "ወለተ ኢየሱስ ነኝ። ልታስደግምብኝ ከፈለግህ አስደግም፣ አልፈራም!" የክርስትና ስም እንግዲህ እንዲህ የሚወረወር ነገር አይደለም። ድግምቱም መስተፋቅሩም የሚሠራው በዚያ ስም ነው እየተባለ፣ በእኛ አገር እናት የልጇን ስም ከጎረቤት ትሸሽጋለች። መልካሙም የራሱን አልነገራትም። "እናቴ አስምላኛለች" አለ። ያምሮት ያኔ ስቃ ተወችው።

ስቃ የተወችው ነገር በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ተመልሶ መጣባት። ወደ ሰሜን ክተት ተባለ። የከተማውም የገጠሩም ወጣት ተመዘገበ፤ መልካሙም ተመዘገበ፤ ጓደኛው ገነነም አብሮት። የሚነሱበት ቀን ኅዳር ሃያ አንድ ሆነ። ሦስት ሳምንት ቀራቸው።

ገነነ ማለት ጋሪ ነጂው ነው። በልጅነቱ ፈረስ ቤት ከምትባለው ከተማ ወርዶ ፍኖተ ሰላም ቀረ። "ከፈረስ ቤት መጥቼ ፈረስ ካልነዳሁ ምን ልነዳ ነው?" እያለ ይቀልዳል። ባጃጅና ጋሪ በዋናው መንገድ ላይ ተሳፋሪ ሲሻሙ የሚውሉ ባላንጣዎች ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ባንድ ክፍል እያደሩ ባንድ ሳህን ይበላሉ። ገነነ እናትና አባቱን ገና ነፍስ ሳያውቅ ነው ያጣው፤ ዘመዴ የሚለው የለውም። ሳቂታ ስለሆነ ግን ይህን የሚያስታውስለት ሰው አልነበረም። ያምሮትም አላስታወሰችለትም።

"አትሂድ" ብላ መልካሙን አልለመነችውም። "እፈራለሁ" አለችው ፊት ለፊት፣ "ግን እያለቀስሁ አልሸኝህም።" በረንዳዋ በዘማች ሱሪ ተሞላ፤ ያንዱን በሳሙና ምልክት አድርጋ ታሳጥራለች፣ የሌላውን ወገብ ታጠባለች። ከሥራ በፊት ማለዳ ማለዳ ደግሞ ሚካኤል ሄዳ ልትቆምለት አሰበች። ለዚህ ስም ያስፈልጋል። ፈጣሪ "መልካሙ ባጃጁ" ቢሉት አያውቀውም ማለቴ አይደለም፤ ቄሱ በጸሎት የሚያነሱት ግን የተጠመቀበትን ስም ነው።

"ስምህን ስጠኝ" አለችው።

"በጠባሁት ጡት ምያለሁ፣ ያምሮት። ስመለስ በቁርባን ስንጋባ ቄሱ ሲጠሩኝ ትሰሚው የለ?"

"ስትመለስማ ስምህን ምን ላደርገው? እኔ የምፈልገው ለምትሄድበት ነው!"

መልካሙ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ቡሬ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ "ልጂቱ መስተፋቅር ልታሠራበት ነው" አሉ ተባለ። ያምሮት ይህ ሲደርሳት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። "እኔ? ወንበር በምላጭ እየቀደደ ለመጣልኝ ልጅ መስተፋቅር? ኧረ እሱ ነው ያሠራብኝ!" ብላ ሳቀች። ሳቋ አለቀና ተመልሳ ተቀመጠች። ነገሩ ከንክኗታል። ስሙን ሳትይዝ ብትሸኘው፣ እዚያ ማዶ ሆኖ ሲጨንቀው ምን ብላ ትጸልይለታለች?

ስለዚህ ገነነን ያዘችው። ጋሪውን አቁሞ ፈረሱን ውኃ ሲያጠጣ ደረሰችበት።

"ገነነ፣ በሚካኤል! አንተ ሳታውቅ አትቀርም። የክርስትና ስሙን ንገረኝ።"

ገነነ ባልዲውን ለፈረሱ አስጠጋለት። ከዚያ፣ "ወልደ ሥላሴ የሚባል ልጅ ከዚህ ይዘምታል" አላት። "እሱን ብለሽ ጸልዪ።"

እሰይ! ያምሮት ግንባሩን ሳመችው፤ ደስታዋ ቢተርፍ ፈረሱንም ሳመችው። ገነነ ግን ቀና ብሎ አላያትም። ልብ ብትልለት ኖሮ ያኔውኑ ትነቃበት ነበር፤ የደስታ ነገር ሆኖ ልብ አላለችም።

ከማግስቱ ጀምሮ የሚካኤሉ ቄስ መምሬ ምስክር ዘንድ እየሄደች "ወልደ ሥላሴን ያስቡልኝ፣ መምሬ" ትላለች፤ መምሬም ያስባሉ። ለመልካሙም ወፍራም ገበር ያለው ጃኬት ሰፋችለት። ከኮሌታው ገበር በውስጥ በኩል፣ ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት ላይ፣ በቀይ ክር "ወልደ ሥላሴ" ብላ ጠለፈች። ድሮ በአገራችን ሲጠለፍ የምንሰማው ሴት ነበር፤ ያምሮት የወንድ ስም ጠለፈች። የማንን ስም እንደጠለፈች አለማወቋ ነው ጉዱ።

ኅዳር ሃያ አንድ ጠዋት መናኸሪያው ሰው በሰው ሆነ። አንዱ ይሸልላል፣ አንዷ እልል ትላለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። ጾም ገብቶ ስለነበር ስንቁ ሁሉ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ወይዘሮ አቻምየለሽ ከቡሬ መጥተዋል። ያምሮት ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና "እንደምን አደሩ፣ እማማ?" አለች። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። እሽ፣ ይሁን አለች በልቧ።

ጃኬቱን ለመልካሙ ሰጠችው። ሊለብሰው ኮሌታውን ሲገልጥ ቀዩን ክር አየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስምህ ነዋ! ከሰማይ አገኘሁት" አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

"የእኔ? ወልደ ሥላሴ እኮ ገነነ ነው! ወባ ይዞት ጸበል የወሰድሁት ጊዜ ቄሱ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ።"

ያምሮት ክው አለች። ዞር ስትል ገነነ ስንቁን ታቅፎ ከኋላዋ ቆሟል።

"አልዋሸሁሽም" አለ። "ወልደ ሥላሴ የሚባል ልጅ ይዘምታል ነው ያልሁሽ። ይኸው እየዘመትሁ ነው።"

"ሰሙን ሰጥተኸኝ ወርቁን ዋጥኸው! አንተ ሌባ! የሰው ጸሎት ይሰረቃል?" ደረቱን በሁለት እጇ ገፋችው። "ሁለት ሳምንት ሙሉ!"

"የእሱን ስም አላውቀውም። አላውቅም ልልሽ ነበር።" ያ ሳቂታ ልጅ ስንቁን አጥብቆ አቀፈ። "ግን ያምሮት፣ ለመልካሙ እናት አለችው፣ አንቺም አለሽው። የእኔን ስም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አብሮኝ መሄዱ ነው። እኔ ብወድቅ ስሜን ቄሱ ማንን ጠይቀው ያነሡታል? አፌ አመለጠኝ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ወደ ሚካኤል ስትወጪ ከጋሪው ላይ ሆኜ አይሽ ነበር። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።"

አንጀቷን በላት። እንባዋ መጣና በክንዷ ጠረገችው። "ጅል!" አለችው። "ብትነግረኝ ለሁለታችሁም አልቆምም ነበር? እግሬ እንደሆን ያው ሁለት ነው!"

መልካሙ ጃኬቱን ለገነነ አለበሰው። "ስሙ ያለበት የእሱ ነው" አለ። እጅጌው ግን እስከ ጣቱ ወረደ።

"እጅህን ዘርጋ!" አለች ያምሮት። ከደረቷ ላይ የማይለያትን ባለ ክር መርፌ ነቀለች፤ አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ እሷ እጅጌውን እያጠፈች ትሰፋለች። "ይሄ የእጅ ስፌት ነው፤ ለጊዜው ነው። ስትመለስ በመኪና አስተካክልልሃለሁ። ሳላስተካክለው ብትቀር ወዮልህ!"

"እመለሳለሁ፣ እቴ" አለ ገነነ። እኅቴ ብሎ የሚጠራው ሰው ሲኖረው የመጀመሪያው ነው።

ሁለቱ ተሳፈሩ። መልካሙ በስስ ሸሚዙ በመስኮት ብቅ አለ፤ እናቱ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አቀበሉት። ልጁ ግን የሚያየው ያምሮትን ነው። ሁለት ሳምንት ለሌላ ሰው ሲጸለይ መክረሙ ገባው መሰለኝ፣ "ያምሮት፣ ነይ፣ ልንገርሽ። ስሜ..." ሲል ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ያምሮትን የማከብራት። ያን ስም የተመኘችውን ያህል በሕይወቷ የተመኘችው ነገር የለም። ጆሮዋን ብትሰጠው አለቀ። እሷ ግን እጇን አንሥታ አፉን ያዘችው።

"ተው! የእናትህን መሐላ አፍርሰህ መንገድ አትጀምር። የሚያስፈራኝ ጥይቱ ይበቃኛል። ወድጄሃለሁ፤ ያለ ስምም እጠብቅሃለሁ።"

ወይዘሮ አቻምየለሽ ሁሉንም ሰምተዋል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ወደ ገነነ መስኮት ሮጡ፣ በዚያ በበርበሬ ማሳ በጠነከረ ድምፃቸውም ተጣሩ፤ "ወልደ ሥላሴ! ልጄ! በሰላም ግባ!" አጠገባቸው ያለችው ሴት ልጃቸው መሰላትና "ወልደ ሥላሴ በሰላም ግባ!" አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ግማሹ ሕዝብ ማንነቱን ሳያውቅ ወልደ ሥላሴን ይጣራል። ገነነ ኮሌታውን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅስ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሄዱ። ገበያው ዳር ሲደርሱ ወይዘሮ አቻምየለሽ ቆሙ።

"ያንቺስ የክርስትና ስም ማን ነው?" አሏት።

"ወለተ ኢየሱስ!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ምን ያለችው ጉድ ናት!" አሉ፣ ግራ ቀኝ እያዩ። ቀጥለው ክንዷን ያዙ። "ስሙን ከሰው የሸሸግሁት እንዳይነጥቁኝ ብዬ ነበር። አንቺ ግን መሐላዬን ጠበቅሽልኝ። ጆሮሽን አምጪ፣ ልጄ።"

አመጣች። ነገሯት። ማን ብለው ነገሯት ብላችሁ እኔን እንዳትጠይቁኝ፤ ብሰማም አልናገርም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መምሬ ምስክር ከቤተ ልሔሙ በኩል ሲመጡ ያምሮት እንደ ወትሮዋ ደጁ ላይ ቆማለች።

"ዛሬም ወልደ ሥላሴን ነው?" አሏት።

"አዎ መምሬ፣ እሱን እንዳይረሱብኝ፤ ከእኔ በቀር የለውም" አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። "ደግሞ ሌላም አለኝ።"