ራሷን አልነቀነቀችም

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ስንቱን ተራ ኃጢአት እየለቀምሁ ስናዘዝ ይህችን ብቻ ዋጥ አድርጌ ተመልሻለሁ። እንግዲህ እናንተው ስሙኝ።

ስማዳ ውስጥ፣ በእኛ መንደር፣ ሰው የሚላጨው እኔ ዘንድ ነበር። እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ ምላጭ ነበረኝ። ስለቱ ከጸጉር በቀር ምንም መንካት የለበትም፤ በድንጋይ ይሳላል፣ በቀበቶ ይታሻል። ቆዳው በግራ አውራ ጣት ወጠር ይደረግና ምላጩ ጋደም ብሎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ማድረጌ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

ጎረቤቴ የሞተ ዕለት፣ መሞቱ ሳይሰማ፣ ጠዋት በሬ ስጠምድ፣ የቀንበሩ ጠፍር ተተብትቦ አልፈታ አለኝ። ለቢላዋ ቤት መመለስ ሰነፍሁና ከኪሴ በማይለየው ምላጭ ቆረጥሁት። ስለቱ ተሸረፈ። አይቸዋለሁ። ከቀብር መልስ አንጓች የምትባለውን ሚስቱን ለሐዘን እንድላጫት ስጠራ፣ ምላጬ ተበላሽቷል ማለት አፈርሁ። ባለሙያ ነኛ!

ከጆሮዋ በላይ ሸረከትኋት። ደሙ ነጠላዋ ላይ ወረደ። ድምጿን አላሰማችም፣ ንቅንቅም አላለች። እኔ ግን፣ እኔ ውሸታሙ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ምነው ራስሽን ባትነቀንቂ» አልኋት።

በእኛ ዘንድ ለባሏ ስትላጭ ራሷን ያሸሸች ሴት ከልቧ አላዘነችም ትባላለች። አማቷ ወዲያው፣ «ለልጄ ጸጉሯን ሰሰተች» አለች። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ያቁመው? አርባው ሳይወጣ ከቤቷ አስወጥተው እስቴ ወላጆቿ ዘንድ ሰደዷት። እኔ አንድ ቃል ብናገር ትቀር ነበር። አንደበቴን ምን ያዘው? ክብሬ ነው የያዘው፤ የምን ክብር እንደሆነ እንጃ።

ከዓመታት በኋላ ወገዳ ገበያ አገኘችኝ። ሰላም ተባብለን ስናበቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ተገኘ፣ ያን ቀን እውነት ነቅንቄ ነበር? እኔስ አይመስለኝም ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲለኝ ጊዜ ግን፣ እንጃ፣ ነቅንቄ ይሆናል» አለችኝ።

ራሷን እስክትጠራጠር አድርሻታለሁ። ያኔ እንኳ እውነቱን ብነግራት ምን ይቀርብኝ ነበር? ዓይኗን እያየሁ ምን አልኋት መሰላችሁ?

«ሐዘን ላይ ማንም ይነቀንቃል፣ እህቴ።»

እሷም እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ሄደች። ይቅር በሉኝ አልላችሁም።