በክብ የተፈረመው አቤቱታ

እናቴ ጉልበቷን የጨረሰችው እዚሁ የካ ውስጥ በነበረ የፈትል ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ከዚያ ሁሉ ዘመን በእጃችን የቀረው አንድ ወረቀት ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበራቸው ከመቋቋሙ በፊት፣ ሴቶቹ አንድ እሑድ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተሰብስበው ያዘጋጁት አቤቱታ። አለቆቹ ማን ቀድሞ እንደፈረመ አውቀው እንዳያባርሩ፣ በጽሑፉ ዙሪያ በክብ ፈረሙ። መጻፍ የማይችሉት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። የእናቴ ከታች በስተግራ ነበር፤ ማሽን የቆረጣት ጠባሳ እንኳ ይታይ ነበር።

አንድ ቀን «የሠራተኞችን ታሪክ እንሰንዳለን» የሚል ኮሚቴ የካ አባዶ ቤታችን ድረስ መጣ። ማሽን አጠገብ ለአንድ ሰዓት ቆመው የማያውቁ ባለሱፎች። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ይኼማ ቅርስ ነው!» አሉ። እኔ ሞኟ አምኜ ሰጠኋቸው። እናቴ «መጽሐፉ ላይ ጣቴን አያታለሁ» እያለች ወራት ጠበቀች። ማንበብ ስለማትችል ከመጽሐፉ ውስጥ የእሷ የሚሆነው ያ ብቻ ነበር።

ለምረቃው ሁለት ታክሲ ቀይረን ሾላ አካባቢ ካለው አዳራሽ ደረስን። መጽሐፉ ያብረቀርቃል። የኮሚቴው አባላት ፎቶ ለብቻው ስድስት ገጽ ይዟል፤ የፋብሪካው አንድም የለም። አቤቱታው በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ስማቸውን የጻፉት ጥቂቶች ከአንድ ጀምሮ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ተራ ቁጥር! ሴቶቹ የፈሩትን ነገር እነዚህ የተማሩ ደናቁርት በደስታ ሠሩላቸው። አሻራዎቹ ጭራሽ የሉም።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ያዝኩት።

«አሻራ እኮ ስም የለውም፤ ለአንባቢም አይመችም። ኤዲት አደረግነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ዋናው ወረቀትስ?»

«ቢሮ ስንቀይር ጠፋ መሰለኝ» አለና ከአንድ እንግዳ ጋር ፎቶ ሊነሳ ሄደ።

እናቴ ገጹን እየዳሰሰች «የኔ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«የለም፣ እማዬ።»

ተነስተን ስንወጣ አንዲት አስተባባሪ በሩ ላይ መዝገብ ዘረጋችልን።

«እማማ፣ ለምሳው ይፈርሙልኝ። መጻፍ ካልቻሉ ችግር የለም» ብላ የማኅተም ቀለም ከፈተችላት። ለምሳ ሂሳብ ሲሆን አሻራ የሰው ነው ማለት ነው!

እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ይቅርብኝ ልጄ» አለቻት። «አንዴ ሰጥቻችሁ ጣላችሁት።»