በደቻቱ ዳር የዋሸሁት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከስልኳ ላይ ታነብልኝ ነበር፤ የወንድና የሴት አንጎል ይለያያል፣ አይለያይም የሚል ክርክር ነው። «አባባ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ሳል ያዘኝ ብዬ ወጣሁ። ሳል አልነበረብኝም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ አስተማሪያችን የወንድ አንጎል በክብደት ይበልጣል ስላሉን፣ በአንድ ዓመት የምታንሰኝን እህቴን ዘነበችን በዚሁ ወሬ አሰለቸኋት። የሒሳብ የቤት ሥራዬን የምትሠራልኝ ግን እሷው ነበረች።

ትምህርት ቤታችን ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ነበር። በዚያ ሰሞን ድልድዩ ላይ የቀበሌ ታጣቂዎች ጎረምሳ እያፈሱ ለውትድርና ስለሚጭኑ፣ እኔ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ አቋርጣለሁ። ዘነበችን ማንም አይነካትም፤ ብቻዬን ላለመተው ብላ ነው አብራኝ የምትወርደው።

ሚያዝያ ነበር፤ ከትምህርት ቤት እየተመለስን ነው። እኛ ዘንድ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በደንገጎ በኩል ግን ተራራው በዝናብ ደመና ጠቁሯል። ዘይቱን፣ ጓቫ የሚሉትን፣ እየገመጥን ስንወርድ ዘነበች ቆመች። አሸዋው ላይ የማይጠፉት ፍየሎች ሁሉ ዳር ወጥተዋል።

«እንመለስ፤ እኔ ፈራሁ» አለች።

«አቦ ተይ! የሴት አንጎል የሚያውቀው መፍራት ብቻ ነው» አልኳትና ቀጠልኩ። ተከተለችኝ።

መሀል ስንደርስ አንዲት ወተት ሻጭ ከዳር ሆና፣ ጎርፍ መጣ ብላ በኦሮምኛ ጮኸች። ድምፁ የጭነት ባቡር ይመስል ነበር። ባለሁበት ተገትሬ ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ውሃው ሳይደርስብኝ ሱሪዬ ረጥቧል። ዘነበች ሮጣ ዳር ልትደርስ ስትል ዞር ብላ አየችኝ፤ ተመልሳ ኮሌታዬን ይዛ ጎተተችኝ። የወጣነው ጎርፉ ከጉልበታችን በላይ ሲደርስ ነው።

ቤት ስንገባ አባታችን ጭቃችንን አይቶ ምን እንደሆንን ጠየቀ።

«ጎርፍ ሊወስዳት ሲል እኔ ይዣት ወጣሁ» አልኩ።

አቅፎ ሳመኝ። ወንድ ልጅ ራሱን ያወጣል፣ እሷ ግን ከነገ ጀምሮ ደቻቱን አትሻገርም አለ። ትምህርቷ በዚያው ቀረ።

ዘነበች ታየኝ ነበር። ከጎርፉ ይልቅ ያንን አፍታ ፈራሁት። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረችም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ትናንት ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። «ለራሷ ንገራት» ብላ ዘነበች ጋ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። እህቴ አሁንም መጋላ ናት።

«ወንድምዓለም፣ ደህና ነህ?» አለች።

የሰው አንጎል በምን እንደሚለያይ አዋቂዎቹ ይከራከሩበት፤ እኔ የማውቀው የራሴን ነው፤ ሸምግሎም ይፈራል። ስለ ሙቀቱ ጠየቅኳት፤ ስለ ጉልበቷ ጠየቅኳት፤ ዘጋሁት።