በባና የተሸፈነው ጠርሙስ

በኢሕአዴግ ጊዜ መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ በምትባል ቦታ የጤና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። ሕዝቡ የደንጊ ትኩሳት ከምታስተላልፈው ትንኝ ራሱን እንዲጠብቅ በየቀበሌው ይማር የሚል ትእዛዝ ወረደ። ኧረ መንዝ ብርድ ነው፣ ትንኝ የለም ብል ማን ይስማኝ! «ግምገማ ላይ እንገናኝ» አሉኝ አለቆቼ።

ገበሬውም አልማር አለኝ። «የለችም እያልንህ ምኗን እንከላከል?» እያለ ይስቅብኛል። በግኜ ቆላ ወረድኩና ገና ክንፍ ያላወጡ የትንኝ እጮች ከነውኃቸው በጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ፤ በዓይናቸው ይዩዋታ! ለማስተማር የጠራሁት ስብሰባ ግን በዓል ነው ተብሎ ለሳምንት ተላለፈ። ጠርሙሱን እዚያው ቀበሌ ለሚኖሩት ለእትዬ አስካለ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ።

በሳምንቱ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእትዬ አስካለ ስለነበር ሰዉ ሁሉ እሳቸው ቤት ተሰብስቦ ጠበቀኝ። «የውኃ ዕቃ ሁሉ ይከደን!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፈለፍኩና ጠርሙሱን ባነሳው ውኃ ብቻ!

«እትዬ አስካለ፣ እጮቹ የታሉ?»

«ውይ ልጄ፣ የሰው አደራ በብርድ ይሙትብኝ? ምድጃ ጥግ አድርጌ በባና ሸፍኜ አቆየሁልህ። ክንፍ ሲያወጡ ደግሞ ታፍነው እንዳያልቁ ብዬ ከፈትኩላቸው።»

«እንዴት ይከፍቱላቸዋል!» ብዬ ስጮህ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ አንገታቸውን ጧ አድርገው መቱና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ የለችም ስንልህ የከረምነው ይቺን ነው?»